ምጽዋ ትሻላለች ወይስ አሰብ?

ስለ ቀይ ባሕር የማይወራበት ካፌ ካወቃችሁ ጠቁሙኝ። ከ2023 ወዲህ "ወደብ" የምትለው ቃል ማኪያቶው ሳይቀርብ ትነሳለች። አንዱ ሶፍት ላይ ካርታ ይስላል፣ ሌላው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀረን ይለካል፣ ሦስተኛው የወደብ ኪራይ ያሰላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በዚህ ሁሉ ወሬ መሃል ምጽዋና አሰብ የመርከብ ማቆሚያ እንጂ ሰው የሚኖርባቸው ከተሞች አይመስሉም። ሁለቱም ዛሬ የኤርትራ ከተሞች ናቸው፤ ሁለቱም ውስጥ ሰው ተወልዷል፣ ተድሯል፣ ተቀብሯል። እስቲ ዛሬ ነገሩን ዘወር እናድርገውና እንደ ቤት ፈላጊ እንጠይቅ፦ ለመኖር ቢሆን የትኛዋ ትሻላለች?

ጥያቄው የቀልድ ይመስላል እንጂ አይደለም። ባለፉት 150 ዓመታት ጣሊያኖቹም፣ ንጉሠ ነገሥቱም፣ ደርግም፣ ደመወዝ ፈላጊውም በየተራቸው መልሰውታል። መልሳቸው ግን አንድ አልነበረም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ ውስጥ ብዙ የውጭ ሰው ስለሚገባ እየቀያየርኩ ላደክማችሁ አልፈለግሁም።)

ከሙቀቱ እንጀምር፤ እዚያ የሄደን ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነውና። በዲግሪ ሁለቱ ብዙም አይበላለጡም፤ የዓመቱ አማካይ በሁለቱም 30 አካባቢ ነው። አማካይ ማለት ሌሊቱንም ታኅሣሥንም ጨምሮ ነው፤ የሐምሌ ቀትር ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት። የምጽዋ ሙቀት እርጥብ ነው፣ ልብስ ገላ ላይ ያጣብቃል። አሰብ ነፋስ አላት፤ ነፋሱ ግን አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው። እስከዚህ ድረስ አቻ ናቸው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከዝናቡና ከተራራው ነው። ምጽዋ ትንሽዬ ዝናቧን የምታገኘው በእኛ በጋ ነው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ። በዓመት 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ደጋው ደርቆ ከብት በሚከሳበት ወቅት ስለሚመጣ ዋጋው ከመጠኑ በላይ ነው። ከምጽዋ ጀርባ ያለው ቁልቁለት "ባሕሪ" ይባላል። የሐማሴንና የአካለ ጉዛይ ገበሬ ደጋ ላይ የዘራውን ሲሰበስብ ከብቱን እየነዳ ወደ ባሕሪ ይወርድና ሁለተኛ እርሻ ያርሳል። ትግረ ተናጋሪው አርብቶ አደር ደግሞ በዚያው ወቅት ባሕሩ ዳር ከብቱን አሰማርቶ፣ ሙቀቱ ሲጠና ወደ ላይ ይወጣል። በአንድ ዓመት ሁለት ክረምት ማለት ነው። ምጽዋ ከተማ ውስጥም አቅሙ የነበረው ነጋዴና ሹም ሐምሌና ነሐሴን አስመራ ይከርም ነበር።

አስመራ ከምጽዋ በመኪና 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከፍታዋ ደግሞ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ምጽዋ ላይ በላብ ተጠምቆ ቁርስ የበላ ሰው ምሳውን ሹራብ ለብሶ ሊበላ ይችላል። አሰብስ? ከአሰብ ተነስታችሁ ማንዳን፣ ኤሊ ዳርን፣ ሰርዶን፣ ሎጊያን፣ ሚሌን አልፋችሁ የባቲ ዳገት እስኪጀምር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ ነው። አሰብ ከበስተጀርባዋ መሸሻ የላትም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ አብዛኛው ከእሷ ነው የሚመዘዘው።

ጣሊያን መጀመሪያ ያገኘችው አሰብን ነበር። በኅዳር 1869 ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል የቀድሞ ሚስዮናዊ ሩባቲኖ ለተባለ የመርከብ ኩባንያ ቦታውን ከአካባቢው የአፋር ሱልጣኖች በማሪያ ቴሬዛ ብር ገዛ። የስዊዝ ቦይ የተከፈተውም በዚያው ወር ነው፤ ቀይ ባሕር በአንድ ጊዜ ጭር ካለ ጓሮ ወደ ዋና መንገድ ተለወጠ። ምጽዋ ያኔ በግብፅ እጅ ስለነበረች ገበያ ላይ አልነበረችም። አሰብ የተገዛችው ተወዳድራ አሸንፋ ሳይሆን ስለተገኘች ነው። የጣሊያን መንግሥት በ1882 ከኩባንያው ተረከባት።

ገዝተው ሲያበቁ ግን ከኋላዋ ያለውን በረሃ አብረው እንዳልገዙት ገባቸው። ጁሊየቲ የተባለው አሳሽ በ1881 ወደ መሃል ለመግባት ሲሞክር ከነተከታዮቹ አፋር ምድር ውስጥ ተገደለ። ቢያንኪ በ1884 ከደጋው ወደ አሰብ የሚያወጣ መንገድ ሲፈልግ ያው እጣ ደረሰው። የተሳካለት ፒየትሮ አንቶኔሊ ነው፤ በ1883 ከያኔው የሸዋ ንጉሥ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ፣ በአሰብ በኩልም ለሸዋ ጠመንጃ ገባ። አንቶኔሊ ከሌሎቹ የበለጠ ጀግና ስለነበረ አይመስለኝም። የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ እለፍ ስላለው ነው። የአሰብ ቁልፍ የተቀመጠው አሰብ ሳይሆን አውሳ ነበር። በነገራችን ላይ ሶፍት ላይ የሚሳለው ካርታ አፋር የሚባል ሕዝብ መኖሩን እስካሁን አላስገባም፤ መስመሩ ብቻ ነው የሚታየው።

በየካቲት 1885 ጣሊያኖች በእንግሊዝ አይዟችሁ ባይነት ምጽዋን ያዙ። ይህ የሆነው እንግሊዞች በአድዋው ውል ለአፄ ዮሐንስ በምጽዋ በኩል ዕቃ በነጻ እንደሚያልፍላቸው ቃል ከገቡ ገና ዓመት ሳይሞላ ነው። የክህደቱን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዶጋሊንና ራስ አሉላንም እንደዚሁ። ብዙ የማይወራው የኑሮው ነገር ነው። የሮም ሹማምንት የሜዲትራኒያን ቁልፍ ያለው ቀይ ባሕር ውስጥ ነው እያሉ ፓርላማ ውስጥ ይናገሩ ነበር፤ ቁልፉን ለመፈለግ የተላከው ወታደር ግን ምጽዋ ላይ ከጦርነቱ በፊት ከሙቀትና ከበሽታ ጋር ነው የተዋጋው። ስለዚህ ምን አደረጉ? ወደ ላይ ሸሹ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገዢው ፈርዲናንዶ ማርቲኒ የቅኝ ግዛቱን ዋና ከተማ ከምጽዋ አንስቶ አስመራ አደረገው። በ1887 ከባሕሩ ዳር የተጀመረው የባቡር ሐዲድ አስመራ የደረሰው በ1911 ነው። 24 ዓመት ሙሉ ተራራ ሲፈለፍሉ የኖሩት ከሙቀቱ ለማምለጥ ጭምር ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። በ1937 ደግሞ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በዘመኑ በዓለም ረጅሙ የነበረ የአየር ላይ የኬብል ማመላለሻ ጨመሩበት። እንግዲህ የጣሊያኖቹ መልስ ባጭሩ ይኸው ነው፦ አሰብን ገዝተን፣ ምጽዋን ይዘን፣ አስመራ እንኖራለን።

ምጽዋ ግን ጣሊያን ከመምጣቱ በፊትም ከሄደ በኋላም ከተማ ናት። ቱርኮች የያዟት በ1557 ነው፤ ያኔም ቢሆን የቆየች ወደብ ነበረች። አሮጌው ሰፈር ከባሕር በተፈለፈለ የኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው፣ በረንዳዎቹ ነፋስ እንዲያጠምዱ ታስበው የወጡ ናቸው። በግብፆች ጊዜ አስተዳዳሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር ደሴቶቹን ከየብስ ጋር በድልድይ መንገድ አያያዘ፣ ከሙንኩሉ ውሃ አስመጣ። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙውን አፈረሰው፤ እንደገና ተሠራ። ጃንሆይ ባለ ጉልላቱን ቤተ መንግሥት አድሰው ክረምት በማይሆንበት ጊዜ ይወርዱበት ነበር። የባሕር ኃይሉ ጦር ሰፈርም ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እዚያው ነበር። ነጭ የለበሱ መኮንኖች፣ የውጭ መርከቦች፣ በየዓመቱ የሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን... በእናትና አባቶቻችን አልበም ውስጥ ያለችው ቀይ ባሕር ብዙውን ጊዜ ምጽዋ ናት።

ንጉሠ ነገሥቱ ግን ልባቸውን ምጽዋ ትተው ገንዘባቸውን አሰብ ላይ አወጡ። ሒሳቡ ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ አሰብ 880 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአስመራ ዞሮ ምጽዋ መድረስ ከዚያ በ300 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ባቡሩ የሚሄድባት ጅቡቲ ደግሞ የፈረንሳይ ነበረች፤ ጉሮሮህን ሌላ ሰው ይዞልህ መኖር ያስጨንቃል። ነገሩ የቆየ ነው። ራስ ተፈሪ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ በነሐሴ 1928 ከጣሊያን ጋር በተፈራረሙት የወዳጅነት ውል ኢትዮጵያ አሰብ ላይ ነጻ ቀጠና እንድታገኝ፣ ከደሴም መንገድ እንዲሠራ ተስማምተው ነበር። መንገዱ በውሉ አልተሠራም። ያው ጣሊያን በ1936 ወርራ ከገባች በኋላ ለራሷ ሠራችው።

በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሃድ አሰብ ሌላ ሰው ሆነች። ወደቡ በዩጎዝላቮች እጅ ተስፋፋ። በ1967 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። (ከሶቪየት ጋር ወዳጅነት የተጀመረው በደርግ ለሚመስለን ሰዎች፣ ማጣሪያው የጃንሆይ ዘመን ነው።) የአገሪቱ ነዳጅ በቦቴ ተጭኖ ወደ መሃል የሚወጣው ከዚያ ሆነ። እናም ሰው ወረደ። ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ፣ ከኤርትራ ደጋ፤ ጫኝና አውራጅ፣ ሾፌርና ረዳት፣ የማጣሪያ ቴክኒሺያን፣ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ጠጅ ጣይ። ወደብ ሠራተኛው የሰፈረበት ካምፖ ሱዳን የሚባል ሰፈር በአማርኛ የሚጮህ ሰፈር ሆነ። ሌሊት አልጋ ደጅ ይወጣል፣ ቀትር ላይ ከተማው ይተኛል፣ ወር ሲደርስ ከደመወዙ ጋር የበረሃ አበል ይመጣል።

ሰው አሰብን መረጠ ስል ግን "መረጠ" የሚለው ቃል ትንሽ ይቆረቁረኛል። አሰብን ለአየሯ የመረጠ ያለ አይመስለኝም፤ ለአበሏ ነው የተመረጠችው። በ1984 እና 85 ለወሎ ረሃብተኛ የመጣው እህል ብዙው የተራገፈው አሰብ ነው። መንገዱን አስቡት፤ እህሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ደገኛው ሥራ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል፣ በዚያው አስፋልት ይተላለፋሉ።

የደርግ መልስ የመጣው በ1987 ነው። አዲሱ ሕገ መንግሥት ሲወጣ አሰብ ከኤርትራ ተለይታ ለብቻዋ ራስ ገዝ ተባለች። መልእክቱ የገባው ገብቶታል፦ ምጽዋ ብትሄድ አሰብ ትቀረናለች። በየካቲት 1990 ሻዕቢያ ምጽዋን ያዘ። ድልድዮቹ ላይ የተደረገው ውጊያ እጅግ መራራ ነበር፣ ከተማዋ ከተያዘች በኋላም ከአየር ተደበደበች። የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ጉልላት ከነቁስሉ ቀረ። አሰብ እስከ ግንቦት 1991 ቆየች፣ ብዙም ሳትነካ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚገለበጠው። በቦምብ የፈራረሰችው ምጽዋ ቀጠለች። ከበስተጀርባዋ አስመራ አለች፣ ባሕሪ አለ፣ አሳና ጨው አለ፤ የባቡር ሐዲዱንም ኤርትራውያን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምረው አደሱት። ግድግዳዋ የቆመላት አሰብ ግን ባዶ ሆነች። ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ከሆነች በኋላም የኢትዮጵያ ዕቃ አብዛኛው በአሰብ ይገባ ነበር። በ1997 ማጣሪያው አያዋጣም ተብሎ ተዘጋ። በግንቦት 1998 ጦርነቱ ሲጀመር መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ካምፖ ሱዳን የኖሩት ኢትዮጵያውያን በሺዎች ተመለሱ፣ ብዙዎቹ ያላዩት አገር "ተመለሱ" ተባሉ። ከዚህኛውም ወገን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ትውልደ ኤርትራውያን ቤታቸውን ዘግተው ተባረሩ። አሰብ ከወደብ በፊት የነበሩት አፋሮችና ጥቂት ሌሎች ቀሯት። በ2015 የኤምሬትስ ጦር ሰፈር አደረጋት፣ በ2021 ነቅሎ ሄደ። በመስከረም 2018 የቡሬ መንገድ ተከፈተ ተብሎ ወታደሮች ሲተቃቀፉ በቴሌቪዥን አይተናል፤ በዚያው ወር "መቀሌ" የምትባለው መርከባችን ምጽዋ ደረሰች። መንገዱ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ።

ታዲያ የትኛዋ? እኔን ከጠየቃችሁኝ ምጽዋ። አሮጌ ከተማ እወዳለሁ፣ ሙቀትም አልችልም፤ ሐምሌ ላይ ወደ አስመራ የሚያወጣ መንገድ ያላት እሷ ናት። ሥራ ፈላጊ ሆኜ በ1970 ተወልጄ ቢሆን ኖሮ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ አሰብ ነበር የምገኘው፣ ከነሻንጣዬ። ካምፖ ሱዳን ተወልዶ አዲስ አበባ ያረጀ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ጥያቄውን ለእሱ አቅርቡለት። ሳያስብ "አሰብ" የሚላችሁ ይመስለኛል።