ዜና መዋዕል ዘመጋላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። በድሬዳዋ ከተማ ከደቻቱ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ያለችውን የመጋላን ነገር እንጽፋለን። የማዶዋን የከዚራን ነገር የባቡር ኩባንያው ጸሐፊዎች በፈረንሳይኛ አብዝተው ጽፈውታልና በዚህ መጽሐፍ ቢያጥር አንባቢ አይቀየመን።

አስቀድሞ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ነጋዴ በጀልዴሳ ያልፍ ነበር። ጀልዴሳ ትንሽ መንደር ናት፤ ነገር ግን ኬላ ነበረባት፤ የበረሃው ግመል በዚያ ይራገፋል፣ የደጋው በቅሎና አህያ በዚያ ይጫናል። የድሬ ሜዳ ግን ያን ጊዜ የኢሳና የጉርጉራ ሰዎች ከብት የሚያሰማሩበት ምድር ነበር።

በ1886 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ ዳግማዊ ምኒልክ ለመሐንዲሱ ለሙሴ ኢልግ የምድር ባቡር እንዲያሠራ ፈቀዱ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። መሐንዲሶቹ ተራራውን አዩ፤ ወጪውንም አሰቡ፤ መንገዱንም በቆላው መሩት። የሐረር ሰዎች አዘኑ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ ተራራውን በዚያ ያቆመ እግዚአብሔር መጋላን አስቦ ነው።

በ1895 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኀ ታኅሣሥ፣ ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሜዳው ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ለዚያ በዓል አልወረዱም፤ ስለ ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ነገር ነበራቸው። ከተማይቱንም አዲስ ሐረር አሏት፤ ገበያተኛው ግን ድሬዳዋ ማለትን አልተወም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዝርዝር እንጻፍ፤ የመጋላ ድል ነውና። ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ከሰረ፤ ሐዲዱም ወደ ፊት የማይሄድ ሆኖ ብዙ ዓመት በድሬዳዋ ቆመ። ፈረንጆቹ ይህን ውርደት አሉት። ለመጋላ ግን ሲሳይ ሆነ፤ ከባሕር የመጣው ጨርቅና ጨው በዚህ ይራገፋል፣ ከደጋው የወረደው ቡናና ቆዳ በዚህ ይጫናል፤ የጀልዴሳም ሲሳይ ወደዚህ ዞረ። በከዚራ መሐንዲሱ ገመድ ዘርግቶ መንገዱን ቀጥ አድርጎ አሰመረ፣ ዛፍም ተከለ። በመጋላ ገመድ የዘረጋ የለም። መንገዱን የቀየሰው ግመሉ ነው፤ ስለዚህ ይጠማዘዛል፣ ነገር ግን ሁሉም ወደ ገበያ ያደርሳል።

በቀፊራ ገበያ የኦሮሞ ሴቶች ወተትና ማገዶ ይዘው ከተራራው ወረዱ፤ ሶማሌው ፍየልና ግመል ነዳ፤ ሐረሪው ጨርቁን ዘረጋ፤ የየመን ዓረብ ሱቅ ከፈተ፤ ከአማራና ከጉራጌ አገር የመጣውም ከጎኑ ቤት ሠራ። አንዱ ሰው ዋጋ በኦሮምኛ ጠይቆ፣ በሶማልኛ ተከራክሮ፣ በአማርኛ ይምላል። የግመል ነጋዴዎች ግን በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ይዋዋላሉ፤ ዋጋውን ከሁለቱ በቀር ማንም አይሰማም። ቀትር ሲሆን ሙቀቱ ሱቁን ሁሉ ያዘጋል፤ ከአስር ሰዓት በኋላ ከተማው እንደገና ይነጋል። በሌሊት ስለሚገባው ዕቃ የሚናገር አላገኘንም።

የሐረር ገዥ ልዑል ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በቁልቢ ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። በ1928 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ በወርኀ ሚያዝያ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም መንግሥታት ሊያሰሙ በድሬዳዋ በኩል ወደ ባሕር ወረዱ። በግንቦት ጣልያን ገባ። በ1933 ዓ.ም. በመጋቢት ወጣ።

በ1969 ዓ.ም. በነሐሴ ከሶማሊያ የመጣው ጦር እስከ ከተማይቱ ደጃፍ ደረሰና ተመለሰ። በዚያ ወራት ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ የተናገረውን አንጽፍም።

በ1998 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ጾመ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በደንገጎ ተራራ ወገን ብርቱ ዝናብ ዘነበ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በዚያች ሌሊት ግን ድንጋይና ግንድ እየገፋ ወረደ፤ የተኛውንም ከነቤቱ ወሰደ። የሞቱት ከ250 በላይ ሆኑ፣ በሺህ የሚቆጠሩም ቤት አልባ ቀሩ። ቄሱና ሼኹ አብረው አለቀሱ። በወንዙ አፋፍ ቤት መሥራትን ማን እንደፈቀደ አልተጻፈም፤ ድሃ በርካሽ ቦታ ያድራል። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራ፤ ግንቡም መልካም ነው፤ ከሐምሌ በፊት ቢሠራ ይበልጥ መልካም ነበር።

በ2009 ዓ.ም. በመስከረም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ ጣቢያውንም ከከተማው ውጭ አደረጉት። የአሮጌው የከዚራ ጣቢያ ሥራ ቀነሰ፤ ኩባንያውን የሚያወድሱ ጸሐፊዎችም ከዚያ ወዲህ ብዕራቸውን አኖሩ። ከአዲሱ ባቡር የወረደው ነጋዴ ግን ባጃጅ ይዞ ቀፊራ ይገባል፣ ዋጋም ይጠይቃል።