ያልታሰበ ሲሳይ

ሰው ደክሞ ያገኘውን ገንዘብ የሚያወጣበት መንገድ ጠባዩን በከፊል ያሳያል፤ ሳይታሰብ በእጁ የገባውን የሚያደርገው ግን ጠባዩን ፈጽሞ ይገልጠዋል። ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ታሪክ ከጎንደር አገር ላቅርብ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ኃይሉ ተብለው በቋራ በረሓ በሽፍትነት ሳሉ የዘረፉት ገንዘብ በእጃቸው ገባ። ለራሳቸው ሊያስቀሩት በቻሉም ነበር። እርሳቸው ግን ለቋራ ገበሬዎች አከፋፍለው የእርሻ መሣሪያ እንዲገዙበት ነገሯቸው። እኔ የዘረፉትን መስጠት ጽድቅ ነው አልልም፤ ገንዘቡ ባለቤት ነበረውና። ነገር ግን አስተዋይነታቸውን ልብ እንበል። የተሰጠ እህል ተበልቶ ያልቃል፤ የእርሻ መሣሪያ ግን በየክረምቱ ሥራ አለው።

ካሳ በ1847 ዓ.ም. በስሜን፥ በደረስጌ ማርያም ነገሡ። በ1859 ዓ.ም. ግን፥ አገሩ በየአቅጣጫው በሸፈተባቸው ጊዜ፥ ያው የቋራን ገበሬ የረዳ እጅ በጎንደር ከተማ ላይ ተዘረጋ። አብያተ ክርስቲያናቱ ተዘርፈው ተቃጠሉ፤ ወርቁና ብሩ፥ የብራና መጻሕፍቱም ተጭነው ሄዱ፥ ኋላም በመቅደላ አምባ ተከማቹ።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ሲሞቱ፥ እንግሊዞች ያን ሁሉ ሀብት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭነው ወሰዱት። በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጠው ዋጋውን ለወታደሮቻቸው አካፈሉ። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍትም ለንደን ገቡ፤ የጎንደር ተማሪ የአባቶቹን መጽሐፍ ለማየት ዛሬም ባሕር መሻገር አለበት።

እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ የሰጠውም የሰበሰበውም አንድ ሰው ነበር። ሽፍታው ምንም ሳይኖረው ሰጠ፤ ንጉሡ ሁሉ ሳለው ሰበሰበ። በመካከሉ የገባው ሥጋት ነው። ሥጋት ያደረበት ሰው ምንም ቢኖረው የሚበቃው አይመስለውም።

ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢዬ፥ ሽልማት ቢደርስህ ወይም ዘመድ ከሩቅ አገር ያላሰብከውን ገንዘብ ቢልክልህ፥ ሥጋት ሳይቀድምህ ከፍለህ ስጥ። ስትሰጥም ለጎረቤትህ ልጅ መጽሐፍ፥ ለገበሬው ማረሻ፥ ሥራ ላጣው የሥራ መነሻ እንዲሆን አድርገህ ስጥ። አባቶቻችን «ኀምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ላምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። የመቅደላው ሸክም ለዝሆን እንኳ ከባድ ነበር፤ የቋራውን ግን ገበሬው በትከሻው ተሸክሞት ወደ እርሻው ሄደ።