በገሃነም ላይ የተዘረጋው ገመድ

ልጅ ሆኜ ቄሱ ዘንድ ስማር ከሁሉ የምፈራው ቃል ገሃነም ነበር። ዳዊት ደግመን ስንጨርስ ሽማግሌው ቄሳችን በበትራቸው ጫፍ አመዱ ላይ ጉድጓድ ይሥሉና "እዚህ የገባ አይወጣም" ይሉን ነበር። ማታ ከብት ቤት ስተኛ ያ ጉድጓድ ይታየኛል። ታዲያ ኢየሩሳሌም መጥቼ ዓመት ሳይሞላኝ ምን ብሰማ ጥሩ ነው? ገሃነም አውቶቡስ በአጠገቡ የሚያልፍበት ቦታ ኖሯል! በዕብራይስጥ "ጌ ቤን ሂኖም" ይሉታል፤ የሂኖም ልጅ ሸለቆ ማለት ነው፤ ገሃነም የምንለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። ከታልፒዮት ተነስቶ በኬብሮን መንገድ ወደ ከተማ የሚወርደው አውቶቡስ ጠርዙን ይዞ ያልፋል። ታች ሣር አለ፣ የወይራ ዛፍ አለ፣ በበጋ ወጣቱ ተሰብስቦ ዘፈን ይሰማል። ለባለቤቴ ስነግራት "ቄሱ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?" ብላ ሳቀች።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ገሃነም ብዬ አይደለም፤ በላዩ ስለተዘረጋ ገመድ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ የኛን ቆጠራ እናንተ ልጆቼ አታውቁትምና።

ነገሩ የተነሳው በልጅ ልጄ ነው። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ሄርሞን ተራራ በረዶ ሊያይ ሄዶ ሲመለስ ወሬው ሁሉ ስለ ራኬቬል ሆነ። ራኬቬል በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሰው የሚያወጣው ወንበር ነው። ራኬቬት ባቡር፣ ኬቬል ደግሞ ገመድ ነው፤ ሁለቱን አጋጥመው የገመድ ባቡር አሉት። "ሳባ፣ አንተ እንዲህ ያለ ነገር አይተህ አታውቅም አይደል?" አለኝ። እኔም "እዚሁ ኢየሩሳሌም ነበር፤ በሌሊት ብቻ የሚሄድ" አልኩት። ሳቀብኝ። ሽማግሌ የሚያወራው ተረት መሰለው። እውነት ለመናገር እኔም መጀመሪያ ስሰማው ተረት መስሎኝ ነበር።

የሰማሁት በነቢያት ጎዳና አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ስሠራ ነው። ፈረቃ የምንቀያየር አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ከኩርዲስታን የመጡ። ጠዋት ጠዋት ቡና እየጠጣን ስለ ውትድርናቸው ያወሩኛል። በወጣትነታቸው ጽዮን ተራራ ላይ ዘብ ቆመዋል። "ከእግሬ አጠገብ የብረት ገመድ ተጠምጥሞ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፣ የነገረኝም የለም፤ ያወቅሁት እንደ ሰው ሁሉ በ1972 ነው" አሉኝ። ይህቺ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣችም። በላዩ ዘብ የቆመ ሰው እንኳ አያውቀውም ማለት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1948 ጦርነት ግንቦት ላይ የፓልማኽ ወታደሮች ጽዮን ተራራን ያዙ። በዚያው ወር መጨረሻ ግን በቅጥሩ ውስጥ ያለው የአይሁድ ሰፈር በዮርዳኖስ ጦር እጅ ወደቀ። ጽዮን ተራራ ከቅጥሩ ውጭ፣ ግን ከቅጥሩ ሥር ነው። እናም በላዩ ያሉት ወታደሮች ወገናቸው ከሸለቆው ማዶ፣ ጠላታቸው ከራስጌያቸው ሆነ። ቅጥሩ ላይ ያለ ተኳሽ ሸለቆውን ቁልቁል ያየዋል። ስንቅ፣ ጥይት፣ መድኃኒት እንዴት ይሻገር? ከሁሉ የባሰው ደግሞ የቆሰለ ሰው እንዴት ይውጣ? መጀመሪያ ከየሚን ሞሼ ሰፈር በኩል በተቆፈረ መተላለፊያ ይሄዱ ነበር። ቃሬዛ ተሸክማችሁ ቁልቁለት ወርዳችሁ ዳገት ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

በታኅሣሥ 1948 ኡሪኤል ሄፌትስ የሚባል ሰው አንድ ዘዴ አመጣ። ከሸለቆው ወዲህ፣ በኬብሮን መንገድ ላይ፣ ቅዱስ ዮሐንስ የሚባል እንግሊዞች የሠሩት የዓይን ሆስፒታል ነበር። ዛሬ ሆቴል ነው፤ የጽዮን ተራራ ሆቴል። ከዚያ ተነስቶ ወዲያ ማዶ ተራራው ላይ እስካለው የጳጳስ ጎባት ትምህርት ቤት ድረስ 200 ሜትር ያህል የብረት ገመድ ተዘረጋ። በገመዱ ላይ አንዲት የብረት ሣጥን ተንጠለጠለች። ሞተር የላትም፤ ሞተር ይሰማል። በዚህም በዚያም ጫፍ ሦስት ሦስት ወታደር ሆነው በእጅ መዘውር ይስቧታል። ለመሻገር የሚፈጅባት ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ወደዚያ ስትሄድ ጥይትና ምግብ፣ ስትመለስ ቁስለኛ። ይህ ሁሉ በጨለማ ነው። ሊነጋ ሲል ገመዱን አላልተው ወደ ሸለቆው መሬት ያወርዱታል፤ ቀን ከቅጥሩ ላይ የሚመለከት ሰው ምንም አያይም። ሲመሽ ደግሞ እንደገና ይወጥሩታል።

የሠራችው ግማሽ ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሚያዝያ 1949 ከዮርዳኖስ ጋር የተኩስ ማቆሙ ውል ተፈረመ። ቢሆንም ጦሩ ገመዱን አልጣለውም፤ አንድ ቀን ያስፈልገናል ብሎ እስከ 1967ቱ ጦርነት ድረስ በተጠንቀቅ አቆየው። ምስጢሩም ለሕዝብ የወጣው በ1972 ነው። ሃያ አራት ዓመት!

ስለ ጎባት ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ስሙን ሳነብ ደንግጫለሁ። ሳሙኤል ጎባት የስዊስ አገር ሚሲዮናዊ ነው። የኢየሩሳሌም ጳጳስ ከመሆኑ በፊት አገራችን ነበር፤ በ1830 ጎንደር ገብቶ ከኛም ሰዎች ጋር ተነጋግሮ ስለ ቤተ እስራኤል ጽፏል። ሚሲዮኖች ለኛ ምን እንደነበሩ ቄሶቻችን ይናገሩ ነበር፤ ወገን ከወገን አለያይተዋል፣ ስለዚህ እኔ ለሰውየው ብዙ ፍቅር የለኝም። ግን እዩት፦ ከጎንደር የተመለሰ ሰው ጽዮን ተራራ ላይ ትምህርት ቤት ሠራ፣ በ1879 ሞቶ እዚያው ተራራ ላይ ተቀበረ፣ ከሰባ ዓመት ያህል በኋላ የአይሁድ ቁስለኛ ከእሱ ቤት ተነስቶ በገመድ ተሻገረ። ይህን እኔ ብፈጥረው ማን ያምነኛል?

ልጁን ይዤው ሄድኩ። ሆቴሉ ዘንድ ትንሽ ቤት አለች፤ መዘውሩና ሣጥኗ እዚያ ተቀምጠዋል። ልጁ ቶሎ ነው ያያት፤ "ይህቺ ናት? ይህቺ ሳጥን?" አለ። ሄርሞን ካየው ጋር ሲያስተያያት አነሰችበት። እኔ ግን የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። አባቴ ማረሻና ማጭድ ይሠራ ነበር፣ እኔም ወናፍ እየነፋሁ ነው ያደግሁት፣ በዚህም ቡዳ ተብለናል። ስለዚህ ብረት ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም። የመዘውሩን እጀታ አየሁት፤ የሰው መዳፍ የሚይዘው ቦታ ነው። ሦስት ሰው በዚህ ጎን፣ ሦስት ሰው በዚያ ጎን፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ በጨለማ ይስባሉ። አንዱ ቢቸኩል ሣጥኗ ትወዛወዛለች፣ በውስጧ ደሙ የሚፈስ ሰው አለ። ብረቱ ቢንሲያጠጥ ቅጥሩ ላይ ይሰማል። ቅባት ምን ያህል እንደሚፈልግ አባቴ ቢኖር ወዲያው ይነግረኝ ነበር።

ለልጁ ትንሽ መሰለችበት ብዬ ስለ ትልቁም ነገርኩት። ጣሊያን በ1937 ከምጽዋ ወደብ አስመራ ድረስ ተለፈሪካ ዘርግቶ ነበር፤ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በዓለም እሱን የሚያክል አልነበረም። ከባሕር ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ዕቃ ያወጣ ነበር። ሐሳቡ ኢትዮጵያን የያዘውን ጦር ለመቀለብ ነው። እንግሊዝ አገሩን ሲይዝ ነቅሎ ወሰደው። እሱን ዓለም ሁሉ አይቶታል፣ ፎቶግራፍም ተነስቶለታል። ይህቺ 200 ሜትሯን ማንም አላያትም።

ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ወሰድኩት፤ በርበሬም መግዛት ነበረብኝ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ በግንብ መካከል ይሄዳል። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት የተጀመረው በአጼ ዮሐንስ ዘመን ነው፣ ያለቀው በምኒልክ ጊዜ በ1893። ዕብራይስጥን ለመነጋገሪያ ያነሳው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳም እዚያው ጎዳና ኖሯል። በሃይማኖት ከመነኮሳቱ ጋር አንድ አይደለንም፤ ያም ሆኖ ዘበኛ በነበርኩ ጊዜ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ሲያልፉ "እንደምን አደርክ ወንድሜ?" ሲሉኝ ቀኔ ይቀና ነበር። ማንም በአማርኛ "ወንድሜ" የሚለኝ በሌለበት ሰፈር ነው።

ያቺ ከተማ ለሁለት ስትከፈል እነሱም ተከፍለው ነበር። ከ1948 እስከ 1967 ደብረ ገነት በእስራኤል በኩል፣ በጎልጎታ ጣሪያ ላይ ያለው ዴር ሡልጣን ግን በዮርዳኖስ በኩል ነበር። በእግር ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ነው። አንድ ጊዜ መነኩሲቷን ስለዚያ ዘመን ጠየቅኳቸው። "ወረቀት ያለው በማንደልባውም በር ያልፋል፤ እኛ ደወሉን እንሰማ ነበር" አሉኝና ሄዱ።

አሁን ወደ ቃሬዛው ልመለስ።

እኛ በ1984 በሱዳን በኩል ነው የመጣነው። እናንተ ይህን ታውቃላችሁ፤ በትምህርት ቤት "ዘመቻ ሙሴ" ብላችሁ ተምራችሁታል፤ 8,000 ያህል ሰው መጣ፣ ጥር 1985 ላይ ወሬው ወጥቶ ቆመ። በመንገድና በካምፕ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀም ተምራችኋል። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ነግሬ የማላውቀው ነገር አለ። ታናሽ እህቴ ከኛ ጋር ነበረች። ስትነሳ ጤነኛ ነበረች፤ በአምስተኛው ሌሊት ትኩሳት ያዛት። እኔና አባቴ ሁለት እንጨት ቆርጠን ጋቢ አስረን ቃሬዛ ሠራን። የምንሄደው በሌሊት ብቻ ነው፣ ቀን ገደል ውስጥ እንተኛለን። ቁልቁለት ላይ ፊተኛው እኔ ነኝ፣ አባቴ ከኋላ። አንተያይም፤ በእንጨቱ መወጠር ብቻ ነው የምንተዋወቀው። ካምፕ ደረሰች፣ እዚያ ሦስት ሳምንት ኖራ ሞተች። አይሁድ መሆናችንን ሰው እንዳያውቅ ተብለን ስለነበር ጮኸን አላለቀስንም፣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎርሳ ነው ያለቀሰችው። በሌሊት ቀበርናት።

ዝም በሉ ተብለን ዝም አልን። እዚህ ደርሰን፣ ምስጢሩ ሁሉ በጋዜጣ ከወጣ በኋላም እኔ ዝም እንዳልኩ ቀረሁ። ማን እንዳዘዘኝ አላውቅም። መዘውሩ አጠገብ "እስከ 1972 በምስጢር ተጠብቆ" የሚለውን ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ ቆጠርኩት፤ እነሱ ሃያ አራት ዓመት፣ እኔ ወደ አርባ።

ሌላም አለ። በኢየሩሳሌም ቀን፣ በኢያር 28፣ ሕዝቡ የከተማይቱን አንድ መሆን ሲያከብር እኛ ሄርጸል ተራራ ወጥተን በሱዳን የቀሩብንን እናስባለን። ያንን ገመድ ከሥራ ያወጣውም፣ መነኮሳቱን ያገናኘውም ያው የ1967 ጦርነት ነው። በአንድ ቀን ይህን ሁሉ መሸከም ለኔ ይከብደኛል። ዳንሱ ያልፋል፣ ባንዲራው ያልፋል፣ እኔ ነጭ ልብሴን ለብሼ ወደ ሌላ ጎን በአውቶቡስ እሄዳለሁ።

ደግሞ አሁን አዲስ ራኬቬል ሊሠሩ ነው ይላሉ። ከድሮው ባቡር ጣቢያ ተነስቶ፣ በሸለቆው ላይ አልፎ፣ ጽዮን ተራራን ነክቶ እስከ ኩድ በር፤ 1.4 ኪሎ ሜትር ያህል። ብዙ ሰው ተቃውሞት ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ ቀራዮችም በመቃብራችን ላይ ያልፋል ብለው ተከራክረዋል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2022 አቤቱታዎቹን አልተቀበለም። ለኔ እንደሆነ፣ ለስግድ ከአርሞን ሃናጺቭ ቆመን ቄሶቻችን ወደ ከተማይቱ እጃቸውን ሲዘረጉ በመሐል የቱሪስት ሣጥን ሲያልፍ ማየት ደስ አይለኝም። ልጁ ግን "ቢሠራ እኮ እግርህን እያመመህ ወደ ኮቴል በእግር አትወርድም" አለኝ። ይህም እውነት ነው፤ ጉልበቴ አርጅቷል።

ስንመለስ ሆቴሉ ፊት ለፊት ያለው ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ዘገየ። መሽቶ ነበር፤ ማዶ ጽዮን ተራራ ላይ መብራት በርቷል፣ ሸለቆው ጨልሟል። እህቴ ስሟ ማን እንደነበር ጠየቀኝ። ነገርኩት። ስንት ዓመቷ እንደነበር ጠየቀኝ። አሥራ ሦስት አልኩት። "እንደ እኔ" አለ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ስሟን በዕብራይስጥ ጻፈው፤ "በአማርኛ እንዴት ነው የሚጻፈው?" ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። እንደዚያ ባለ ነገር ላይ መጻፍ ስለማልችል ከኪሴ የበርበሬውን ደረሰኝ አውጥቼ በጀርባው ጻፍኩለት።