ሰሙ የተወው ክፍተት፦ የመንዝ ስውር ልዑልና የጌም አድናቂዎች መላምት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ምናባዊ ዓለም ያላቸው ተከታታይ የቪዲዮ ጌሞች አድናቂዎች አንዱን ክፍል ከሌላው የሚያገናኝ ስውር ገመድ እየፈለጉ መላምት ያቀርባሉ። ይህ መጣጥፍ ልማዱን ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ ከወጣው የሸዋ ነገሥታት የዘር ትረካ ጋር ያስተያያል። መከራከሪያው አንድ ነው፦ ስውር ግንኙነትን ለመመዘን «ደራሲው አስቦት ነበር ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ የቅኔና የአንድምታ ጉባኤ ያወረሰን መመዘኛ ይሻላል። ይህ መመዘኛ ደራሲ በሌለው ትረካም ይሠራልና። ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. መግቢያ

በከተሞቻችን ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የሚጫወት ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚከራየው የእግር ኳስ ጌም ነው። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ነገሩ አለቀ፤ ተሸናፊው ከፍሎ ይወጣል። ምናባዊ ዓለም ያለው ጌም ግን ከመጨረሻው ፍልሚያ በኋላም አያልቅም። ተጫዋቹ ዘንዶውን ገድሎ ሲያበቃ ጥያቄው ይጀምራል። ያ የወደቀው ንጉሥ የማን ልጅ ነበር? በሦስተኛው ክፍል የታየው ፍርስራሽ የመጀመሪያው ክፍል ከተማ ይሆን? ጌሙ መልስ ካልሰጠ አድናቂው ራሱ ይሰጣል።

ይህን እንደ ዘመን አመጣሽ ነገር የሚያየው ብዙ ነው። ዘር ሲቆጠርና ስም ሲፈታ እየሰማ ላደገ የሸዋ ሰው ግን ሥራው አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር መሣሪያው ነው። ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘ መጽሐፉ ስለ አማራ ባህል የጻፈው በመንዝ ኖሮ ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ ነበር። መንዝና ስውር ትርጉም በምሁራን ጽሑፍ ውስጥ አብረው መነሳት ከጀመሩ ቆይተዋል ማለት ነው። እኔ የማተኩረው ግን በሰምና በወርቅ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። አንጥረኛው ሰሙን ቀርጾ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙ በእሳት ሲቀልጥ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ወርቁ የሚፈሰውም እዚያ ነው። ወርቁ የፈለገውን ቅርጽ መያዝ አይችልም፤ ሰሙ የተወለትን ይይዛል። ስለ ስውር ግንኙነት የሚቀርብ መላምት ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ነው።

2. በጌሞቹ ውስጥ ያለው ክፍተት

ክፍተቱ በሦስት መልክ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት ነው። በ2011 የወጣው «ዳርክ ሶልስ» ታሪኩን በአንደበት አይተርክም፤ በጦር፣ በቀለበትና በልብስ መግለጫ ላይ በትኖ ያስቀምጠዋል። ዳይሬክተሩ ሂዴታካ ሚያዛኪ በልጅነቱ ከአቅሙ በላይ የሆኑ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እያነበበ ያልገባውን በምናቡ ይሞላ እንደነበር ተናግሯል፤ በኋላ ተጫዋቹንም በዚያው ወንበር አስቀመጠው። በጌሙ ውስጥ የንጉሥ ግዊን የበኩር ልጅ አምላክነቱን እንደተነጠቀ፣ ስሙም ከታሪክ መዝገብ እንደተፋቀ ይነገራል። የት ገባ? ብዙ አድናቂዎች የፀሐይ ምልክት የለበሰውንና «የራሴን ፀሐይ እሻለሁ» እያለ የሚንከራተተውን ባላባት ሶሌይርን ጠረጠሩ። በ2016 ሦስተኛው ክፍል ሲወጣ ምልክቶቹ «ስም አልባው ንጉሥ» ወደሚባል ሌላ ሰው አመለከቱ። የሶሌይር መላምት የሚያምር ነበር፤ የሚደግፈው ግን ከምልክቱና ከምኞቱ በቀር ብዙ አልነበረም።

ሁለተኛው ሳይታሰብ የተፈጠረ ክፍተት ነው። ከ1986 ጀምሮ የወጡት የ«ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» ክፍሎች በዘመን ቅደም ተከተል ለመሰደር ያስቸግራሉ። አድናቂዎች በ1998ቱ «ኦካሪና ኦፍ ታይም» መጨረሻ ላይ ዘመኑ ለሁለት ይሰነጠቃል ብለው ለዓመታት ተከራከሩ። ኩባንያው ኒንቴንዶ በ2011 ባወጣው «ሃይሩል ሂስቶሪያ» መጽሐፍ ሲመልስ ቅርንጫፎቹ ሦስት ሆኑ፤ ሦስተኛው ጀግናው ተሸንፎ የሚቀርበት ነው። የአድናቂው ሙግት በከፊል ቀኖና ሆነ፤ ቀኖናው ደግሞ ሙግቱን አሰፋው።

ሦስተኛው የሚጋጩ መጨረሻዎች የሚፈጥሩት ክፍተት ነው። የ1996ቱ «ዳገርፎል» እንደ ተጫዋቹ ምርጫ ብዙ መጨረሻ አለው። ቀጣዩ ክፍል የትኛውን ይዞ ይነሣ? በ2002 የወጣው «ሞሮዊንድ» ሁሉም ሆነዋል፤ ጊዜ ራሱ ተሰብሮ ነበር ብሎ መለሰ። ለአንድ ቃል ብዙ ትርጉም አከታትሎ ማቆም የለመደ የአንድምታ ተማሪ ይህን መልስ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

3. የመንዝ ስውር ልዑል

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። መንዝ በምሥራቅ ገደሉ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ በሌላው ወገን የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች መርሐቤቴን ይዘው አገሩን ይቆራርጡታል። ለሠራዊት አስቸጋሪ፣ ለመሸሸጊያ የተመቸ አገር ነው። ትረካውም የመልክዓ ምድሩን ያህል ስውር ሰው ይወዳል።

በአህመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ የተሳደደው ዐፄ ልብነ ድንግል በ1540 በደብረ ዳሞ ሞተ። ዙፋኑን ልጁ ገላውዴዎስ፣ ከእሱም በኋላ ወንድሙ ሚናስ ወረሱት። ሌላው ልጅ ያዕቆብስ? የሸዋ ወግ መልሱን በአንድ ቃል ይሰጣል፦ መንዝ። ያዕቆብ በመንዝ ተሸሸገ፤ ሥግወ ቃልን ወለደ፤ ከዚያ ሐረግ ወረደ ቃል የሚባለው ሰው ልጅ የሆነው ነጋሲ ተነሣ። ነጋሲ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከመንዝ ተነሥቶ ኃይሉን ወደ ይፋት አሰፋ፤ በ1703 ገደማም ሞተ። ተከታዮቹ መርዕድ አዝማች እየተባሉ ገዙ፤ ከ1813 እስከ 1847 የገዛው ሣህለ ሥላሴ ራሱን «ንጉሥ» አለ፤ የልጅ ልጁ ምኒልክ «ንጉሠ ነገሥት» ሆነ።

ያዕቆብ ተረት አይደለም። የዐፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕል የንጉሡን አባት ፋሲልን የያዕቆብ ልጅ፣ ያዕቆብን የልብነ ድንግል ልጅ ያደርገዋል። ስለዚህ የጎንደር ነገሥታትም በዚሁ ሰው በኩል ያልፋሉ። የሸዋ ትረካ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። አዲስ ልዑል አልፈጠረም፤ በመዝገብ ያለውን፣ ነገር ግን ጥቂት የተነገረለትን ሰው መረጠ። የግዊንን የበኩር ልጅ ከመዝገብ ጠርዝ ያነሣው የጌም አድናቂም ያደረገው ይህንኑ ነው። የትልቁ ገጸ ባሕርይ ሕይወት ተጽፎ አልቋል፤ መላምት የሚበቅለው በጠርዙ ሰው ነው።

ትረካው በሸዋ ሲደጋገምም እናያለን። ዮዲት የአክሱምን ቤት ባጠፋች ጊዜ አንድ ሕፃን ልዑል ወደ ሸዋ ተወስዶ ተረፈ፤ ከዚያ ዘር በ1270 ይኩኖ አምላክ ተነሣ ይባላል። ከአህመድ ዘመቻ ያዕቆብ ተረፈ። ምኒልክ ደግሞ በ1855 በቴዎድሮስ ተማርኮ፣ በ1865 ከመቅደላ አምልጦ ተመለሰ። ሦስተኛው የተመዘገበ ታሪክ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለሚሰማ ጆሮ ግን እንደ ማረጋገጫ ይሰማል። የተደጋገመ ቅርጽ ማስረጃ ይመስላል፤ ነገር ግን ደራሲ ቅርጹን እንደሚደግመው ሁሉ ወግ አዋቂም ይደግመዋል።

4. የቅኔ ቤት መመዘኛ

የመጀመሪያው መመዘኛ ሰሙ ራሱን ችሎ መቆም አለበት የሚለው ነው። ወርቁን ለማግኘት ሰሙን ያፈረሰ ቅኔ አላማረም። በያዕቆብ ትረካ ሰሙ የዘመን ስሌት ነው። ከ1540 እስከ 1703 ድረስ 163 ዓመት አለ። ያዕቆብን፣ ሥግወ ቃልን፣ ወረደ ቃልንና ነጋሲን ብቻ ብንቆጥር ለእያንዳንዱ 40 ዓመት ያህል ይደርሰዋል። ይቻላል፤ ግን ጨርቁ ተወጥሮ ነው የደረሰው።

ሁለተኛው የኅብር ሕግ ነው። ኅብር አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲሸከም እንጂ ሁለት ቃላት ሲመሳሰሉ አይባልም። ነገሥታት ዘመዶቻቸውን ያስሩበት የነበረው አምባ ግሸን በወሎ ነው፤ ግሼ ደግሞ ራቤልን ይዞ በሰሜን ሸዋ ይገኛል። ስማቸው ስለተቀራረበ ብቻ «ከአምባው ያመለጡት ልዑላን ግሼ ገቡ» የሚል መላምት ቢነሣ ኅብር ሳይሆን የጆሮ ስሕተት ነው። በጌም ዓለምም የሁለት ከተሞች ስም መመሳሰል ብቻውን ስንት ሙግት አስነሥቷል።

ሦስተኛው አንድም ነው። የአንድምታ መምህር አንዱን ትርጉም ሲጨምር ቀዳሚውን አይፍቅም፤ አከታትሎ ያቆማቸዋል እንጂ። ሥግወ ቃልና ወረደ ቃል የሚሉትን ስሞች ተመልከቱ። አንዱ «ሥጋ የለበሰ ቃል»፣ ሌላው «ቃል ወረደ» ነው። ስሞቹ የምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርት ይመስላሉ። ካህን የሰካቸው ስሞች ናቸው ቢባል ያስኬዳል። አንድም፦ መንዝ ልጁን በእምነቱ ቋንቋ የሚሰይም አገር ስለሆነ ስሞቹ የእውነተኛ ሰዎች ናቸው ቢባልም ያስኬዳል። በትምህርቱ ቃል የሚወርደው ሥጋ ከመልበሱ በፊት ነው፤ በሐረጉ ግን ሥግወ ቃል አባት ነው። ለትምህርት የሰካ ካህን ቅደም ተከተሉን አያዛንፍም ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ንባብ ሚዛን ይደፋል፤ የመጀመሪያው ግን አይጣልም።

አራተኛው መመዘኛ ከጉባኤ ሳይሆን ከርስት ሙግት የመጣ ነው፦ ማን ይጠቀማል? መንዝ ውስጥ ዛሬም የወረዳዎች ስም ላሎ ምድር፣ ማማ ምድር፣ ጌራ ምድር ነው፤ በአፈ ታሪክ ላሎ፣ ማማና ጌራ መሬቱን የተካፈሉ ሰዎች ናቸው። ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ስለነበር፣ ከአቅኚው አባት ጋር የሚያገናኝ አንድ የተረሳ አያት ማግኘት መሬት ማግኘት ነበር። ዘር ቆጣሪ ሽማግሌ ይከበር የነበረው ለዚህ ነው፤ በሸንጎ ይጠየቅ የነበረውም ለዚሁ ነው። ተከራካሪው ወገን የራሱን ቆጣሪ ይዞ ስለሚመጣ መላምት ያለ ተቃዋሚ አያድርም ነበር። ይህ ሙግት መሠረቱን ያጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ነው።

5. መላምት ሥልጣን ሲይዝ

የጌም አድናቂ ቢሳሳት የሚያጣው ክርክሩን ነው። የዘር ትረካ ግን ዘውድ ይጭናል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጠናቀረው ክብረ ነገሥት የአክሱምን ዙፋን ከሰሎሞን ጋር አገናኘ፤ የሸዋ ወግ መንዝን ከዚያ ሐረግ ጋር ቀጠለ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ደግሞ በሁለተኛው አንቀጹ የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ዘር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ የእሱንም ሐረግ ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ጋር አያይዞ ደነገገ። «ሳይቋረጥ» የሚለው ቃል የተሸሸገውን ልዑል ሁሉ ተሸክሟል። የሚገርመው ንጉሠ ነገሥቱ ከሣህለ ሥላሴ የሚወለዱት በሴት ወገን፣ በራስ መኰንን እናት በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል መሆኑ ነው፤ ሐረጉ በዚህ ረገድ ከዙፋን ወግ ይልቅ የርስት ቆጠራን ይመስላል።

ተቃራኒውም ደርሷል። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት ድርሳን ቴዎድሮስ የሚባል ፍትሐዊ ንጉሥ እንደሚመጣ ይናገራል፤ ካሣ ኃይሉም በ1855 ሲነግሥ ያንን ስም መረጠ። እዚህ ላይ ክፍተቱን የሞላው ተርጓሚ ሳይሆን ራሱ ባለታሪኩ ነው። የጌም ኩባንያ የአድናቂዎቹን መላምት አይቶ ቀጣዩን ክፍል ሲጽፍም ከዚህ የራቀ ነገር አያደርግም።

6. ማጠቃለያ

ዛሬ የሸዋው ቤት ራሱ ጌም ውስጥ ገብቷል፤ «ሲቪላይዜሽን 6» በ2020 ዳግማዊ ምኒልክን ከመሪዎቹ አንዱ አድርጎታል። አዲስ አበባ ውስጥም ስሙን ከቅኔ የወሰደ «ቅኔ ጌምስ» የሚባል ድርጅት አለ። ነገ አንድ ወጣት የመንዝን ስውር ልዑል ጌም ሊያደርገው ይችላል፤ አድናቂዎቹም ያልተነገረውን መፈለጋቸው አይቀርም።

ፍርዴ ይህ ነው። ያዕቆብ መንዝ መግባቱ በዘመኑ ሰነድ አልጸናም፤ ሰሙንም አላፈረሰም። ሚዛን የደፋ አንድም ነው እንጂ የተዘጋ ቀኖና አይደለም። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ስሕተት መላምቱን መያዙ አልነበረም፤ «አንድም» የሚለውን ቃል መፋቁ ነበር። የጌም ሠሪውም የታሪክ ጸሐፊውም ይህችን አንዲት ቃል ይጠብቃት።