በክፉ ቀን ምን በላችሁ?
የጓያ ሽባነት ተለይቶ የታወቀበት ታሪክ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። የሐኪም መሣሪያ ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ ታማሚው ራሱ ካልተናገረ በቀር ምሥጢሩ የማይገለጥ በሽታ አለ። ለዚህ ከጓያ ሽባነት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ከጎንደር ወይም ከወሎ ገጠር የመጣ አንድ ሰው እግሮቹ ተገትረው፣ ጉልበቶቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ፣ በጣቶቹ እየረገጠ በቢልመር ዳር ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተላከ እንበል። ሐኪሙ በመጀመሪያ ምን ያስባል? በቢልመር ከሱሪናምና ከካሪቢያን ደሴቶች የመጣ ሕዝብ ብዙ ነው። በእነዚያ አገሮች ደግሞ ኤች.ቲ.ኤል.ቪ. 1 የሚባል ቫይረስ በአንዳንድ ሰው ላይ ኅብለ ሰረሰርን አጥቅቶ እግርን ቀስ በቀስ ሽባ ያደርጋል። ስለዚህ ሐኪሙ ይህን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የጀርባ አጥንት ቲቢን፣ የቪታሚን ቢ 12 እጥረትን፣ ኅብለ ሰረሰርን የሚጫን ዕጢን፣ በዘር የሚወረስ የእግር መገተርንም ያስባል። ደም ይመረመራል፤ ኤም.አር.አይ. ይነሣል። ሰውየው በጓያ የተጎዳ ከሆነ ግን የደሙም የምስሉም ውጤት አብዛኛውን ጊዜ «ምንም አልተገኘም» የሚል ነው። መልሱ ያለው ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በችግር ዘመን በቀረበ አንድ ሰሐን ንፍሮ ውስጥ ነውና።

የድሃ ወዳጅ፣ የድሃ ጠላት

ጓያ በጣና ዙሪያ ባሉት በደምቢያና በፎገራ ሜዳዎች፣ እንዲሁም በሌሎች የደጋና የወይና ደጋ አገሮች በጥቁር መረሬ መሬት ላይ ይዘራል። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ተዘርቶ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ድርቅንም፣ ውኃ የተኛበትን መሬትም ይችላል። ገበያ ላይ ርካሽ ነው፤ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ጤፉና ባቄላው ሲጠፋ ጓያ ብቻውን ቆሞ ይገኛል። ገበሬው በደኅናው ዘመን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ ጥቂት በጥቂት ስለሚበላው ጉዳት አያይበትም። ዝናብ ሲቀርና ጎተራ ሲራቆት ግን ቁርሱም እራቱም ጓያ ይሆናል። ይህ ለሁለትና ለሦስት ወር ሲቀጥል እግር ይሰበራል። ሕዝቡም ሐኪም ሳይነግረው «ጓያ ሰበረው» ብሎ ስም ሰጥቶታል።

ሕዝቡ እህሉን በትክክል ቢጠረጥርም በመንገዱ ላይ ተሳስቶ ነበር። በአንዳንድ አካባቢ በሽታው የሚይዘው ጓያ ሲቀቀል በሚወጣው እንፋሎት ወይም በጓያ ማሳ ውስጥ በማለፍ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን የሚያምን ሰው ከእንፋሎቱ እየሸሸ ንፍሮውን ይበላል።

እግሩ የሚናገረው

የነርቭ ሐኪም ይህን በሽታ የሚለየው በትንሽ መዶሻ፣ በእጁና በጥያቄ ነው። የጉልበቱን ጅማት መታ ሲያደርገው እግሩ ከልክ በላይ ይወረወራል። ቁርጭምጭሚቱን ድንገት ወደ ላይ ሲገፋው ደጋግሞ ይንቀጠቀጣል። ውስጥ እግሩን ከተረከዝ ወደ ጣት ሲጭረው አውራ ጣቱ ወደ ታች በመታጠፍ ፈንታ ወደ ላይ ይነሣል። ይህን የመጨረሻ ምልክት ጆሴፍ ባቢንስኪ በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. አስታወቀ፤ ከአንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚወርደው የትእዛዝ መስመር መጎዳቱን ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ቀጥሎ የሌለውን መፈለግ ነው። በጓያ የተጎዳ ሰው በመርፌ ሲነካ ይሰማዋል፤ የሚነዝረው ብረት አጥንቱ ላይ ሲቀመጥ ንዝረቱን ያውቃል። ይህ ከቢ 12 እጥረት ይለየዋል። ጀርባው አልጎበጠም፤ ትኩሳትም የለውም፤ ይህ ከቲቢ ይለየዋል። ሽንቱን በአብዛኛው ይቆጣጠራል፤ ሕመሙም በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ መጥቶ ባለበት ይቆማል፤ ይህ ደግሞ ከቫይረሱ ይለየዋል፣ ያም ቢሆን የደም ምርመራው ሊቀር አይገባም። አእምሮውም እጁም ደኅና ነው። በብዛት የሚጎዱት ወጣት ወንዶች ናቸው። ሐኪሞች ጉዳቱን በደረጃ ሲመድቡ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም፤ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ፣ መሬት ላይ የሚድህ ብለው ይለያሉ።

ከኔፕልስ እስከ ደላንታ

በሽታው የአፍሪካ ብቻ አይደለም። ላቲሪዝም የሚለውን ስም ያወጣለት ጣሊያናዊው ሐኪም አርናልዶ ካንታኒ በ1873 በኔፕልስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በሮማንያ ሥር በነበረው የቫፕንያርካ እስር ቤት፣ አይሁድ እስረኞች የከብት መኖ የነበረውን ይህንኑ እህል እንዲበሉ ተደረገ። በ1942 መጨረሻና በ1943 መጀመሪያ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ተያዘ። ምክንያቱን ለይቶ ያወቀው ራሱ እስረኛ የነበረው ዶክተር አርተር ኬስለር ነው። ላቦራቶሪ አልነበረውም፤ የነበረው የሕሙማኑን እግር ማየትና የሚበሉትን ማወቅ ብቻ ነው። በ1964 የሕንድ ተመራማሪዎች በእህሉ ውስጥ ያለውን ኦዳፕ የተባለ የነርቭ መርዝ ለይተው አወጡ።

በኢትዮጵያ በ1970ዎቹ የተነሣ ወረርሽኝ በ1978 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ተዘገበ። ከዚያም ከአገሪቱ ቀደምት የነርቭ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆስፒታል ተቀምጠው በሽተኛ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ሕዝቡ ሄዱ። በ1980ዎቹ በቡታጅራ ቤት ለቤት 60,820 ሰዎች ስለ ነርቭ በሽታ እንዲጠየቁ አደረጉ። የሠለጠኑ ጠያቂዎች ምልክት ያለበትን ይለያሉ፣ ሐኪሙ ያን ሰው ራሱ ይመረምራል። በደምቢያና በፎገራም ቤት ለቤት ተዙሮ በ1990 በወጣው ጥናት ከ1000 ሰው 6 ያህሉ በጓያ የተጎዳ ሆኖ ተገኘ።

በ1990ዎቹ ደግሞ በወሎ ደላንታ ዳውንት ከ2000 በላይ ሰዎችን የጎዳ ወረርሽኝ ተነሣ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ከጎረቤት ቤልጅግ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ባደረጉት ጥናት አበሳሰሉም ለውጥ እንዳለው ታየ። በንፍሮ፣ በቆሎና በእሸት መልክ የተበላ ጓያ የበለጠ ይጎዳል፤ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ወይም በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ወጥ ሆኖ የተበላው አደጋው ያንሳል።

ኀፍረቱ ይቅር

ጓያ የድህነት ምልክት ሆኖ ስለሚታይ ብዙ ሰው መብላቱን መናገር ያፍራል። ሐኪሙ ካልጠየቀ፣ ታማሚውም ካልተናገረ፣ ምርመራው ለዓመታት ይንከራተታል። አስተርጓሚውም «ጓያ»ን «አተር» ብሎ ካለፈው ቁልፉ ከእጅ ይወድቃል። በሆላንድ ቋንቋ እህሉ ዛይላቲሩስ፣ በሽታው ላቲሪስመ ይባላል። ይህን ቃል በወረቀት ጽፎ ለሃውስአርትሱ መስጠት ብዙ ድካም ያስቀራል።

የበሽታው ስም መታወቁ የሞተውን ነርቭ አያስነሣም፤ ጉዳቱ ቋሚ ነው። ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። የማያስፈልግ ምርመራና ቀዶ ጥገና ይቀራል። ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ ይታዘዛል። ጓያውን ያቆመ ሰው ሕመሙ ስለማይብስበት፣ ከዓመታት በኋላ የባሰበት እንደሆነ ሐኪሙ ሌላ በሽታ መፈለግ እንዳለበት ያውቃል። ከሁሉም በላይ፣ ይህ ሽባነት በዘር አይወረስም፣ በንክኪም አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። ከአባታቸው ምርኩዝ አጠገብ ያደጉ ልጆች ያለ ፍርሃት ማግባትና መውለድ ይችላሉ።

በክፉ ቀን የተገኘውን በልቶ ነፍሱን ያተረፈ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለውም። ሐኪሙ «ምን በላችሁ?» ብሎ ባይጠይቅ እንኳ፣ ታማሚው ሳይጠየቅ ይናገር።