ባዶ ቦታ ዜሮ አይደለም

በ2000 ዓ.ም. በሐዲያና በከምባታ የበልጉ ዝናብ ከዳ። ዘግይቶ የመጣው ዝናብ ሜዳውን አለመለመው እንጂ ለዚያ የችግር ወቅት የሚበላ ሰብል አላደረሰም። በሆሳዕናና በዱራሜ መንገድ ያለፈ ሰው ያየው ለምለም መሬት ነበር፤ በየጎጆው ግን ሕፃናት በምግብ እጥረት ይመነምኑ ነበር። ወቅቱ «አረንጓዴ ረሃብ» የሚል ስም ያተረፈው ለዚህ ነው። ዐይን እንዲህ ሲታለል እውነቱን የሚናገረው የዝናብ መዝገብ ነው። መዝገቡ ራሱ ይታመናል ወይ የሚለው ጥያቄም የሚከብደው በእንዲህ ያለ ዓመት ነው።

በአገራችን የአየር ጠባይን መለካት የጀመሩት ሚሲዮናውያን ናቸው፤ በ1890 እ.ኤ.አ. በአዳሚ ቱሉ፣ በ1896 በጋምቤላ። ቆይቶ ሥራው በሲቪል አቪዬሽን ሥር ሲገባ ዋናው ባለጉዳይ አውሮፕላን ሆነ። አብራሪ ነፋስና ደመናን ይጠይቃል፤ ገበሬ የሚጠይቀው ግን ዝናቡ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ ነው። ራሱን የቻለ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በአዋጅ የተቋቋመው ከወሎው የረሃብ እልቂት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም. ነው። ጣቢያዎቹም በአብዛኛው ከተማና የመኪና መንገድ ተከትለው ተተከሉ።

ሆሳዕና፣ ፎንቆ፣ አንጋጫ፣ ዱራሜ፣ ሾኔና አላባ ቁሊቶ ስለ ቢላጤ ተፋሰስ ዝናብ በተሠሩ ጥናቶች ስማቸው የሚደጋገም ጣቢያዎች ናቸው። የዝናቡ ልኬት የሚነበበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በትንንሾቹ ጣቢያዎች የሚያነበው ብዙ ጊዜ ሌላ መተዳደሪያ ያለው የአካባቢው ሰው ነው። የተጠራቀመውን ውሃ በመለኪያ ብርጭቆ ለክቶ ይጽፋል። ካልዘነበ ዜሮ ይጽፋል፤ ሳይለካ ከዋለ ደግሞ ቦታውን ባዶ ይተወዋል። የሥራው ታማኝነት በእነዚህ በሁለቱ ልዩነት ላይ ያርፋል። ባዶው በኋላ እንደ ዜሮ ከተደመረ ያልደረሰ ድርቅ ደረሰ ይባላል። የሦስት ቀን ዝናብ ሰኞ ጠዋት በአንድ ላይ ተለክቶ የአንድ ቀን ሆኖ ከተጻፈም ያልነበረ ከባድ ዝናብ ይመዘገባል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ጎረቤት ጣቢያ ያጋልጠዋል። በመለኪያው ዙሪያ ቀስ እያለ ያደገ ባሕር ዛፍ የሚፈጥረው ስሕተት ግን የተደበቀ ነው፤ የሚያዘው ዝናብ በየዓመቱ ጥቂት እየቀነሰ ሲሄድ አየሩ የተለወጠ ይመስላል። መለኪያው መቼ እንደተዛወረ፣ በአጠገቡ ምን እንደተሠራ የሚጻፍበት ማስታወሻ ከቁጥሩ እኩል መጠበቅ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

በ2006 እ.ኤ.አ. እነዚህ ቁጥሮች የገንዘብ ዋጋ አገኙ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሪ ከተባለው ኩባንያ ለኢትዮጵያ የድርቅ መድን ገዛ፤ ካሳው የሚታሰበው በ26 ጣቢያዎች የዝናብ ልኬት ነበር። በዚያው ዓመት በአላባ ለጥቂት የበቆሎ ገበሬዎች ተመሳሳይ መድን ተሞከረ። ከተማው ላይ ዘንቦ የገበሬው ማሳ ሳይረጥብ ቢቀርስ? ሆሳዕና ከ2,100 ሜትር በላይ ተቀምጣ ቁሊቶ ወደ 1,700 ሜትር በሚወርድበት አገር ይህ የተለመደ ነገር ነው።

በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ በብዙ የአገሪቱ ጣቢያዎች ልኬት ተቋርጦ መዝገቡ ሳስቷል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ቱፋ ዲንቁና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ ጋር ሆነው የጣቢያዎችን ልኬት ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከተሰበሰበው የሳተላይት መረጃ ጋር አዋሐዱ። ሳተላይቱ ብቻውን አይበቃም፤ ብርዳም የደመና አናት እያየ ዝናብን ስለሚገምት፣ ተራራ ላይ ከዝቅተኛ ደመና የሚወርደውን አሳንሶ ይቆጥራል። የሚያርመው መሬት ላይ ያለው መለኪያ ነው።

አሁን በየቦታው አውቶማቲክ ጣቢያ እየተተከለ ነው፤ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ቅጠልና ነፍሳት ይዘጉታል፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድም አሳንሶ ይቆጥራል። ስለዚህ አሮጌው መለኪያ ወዲያው መነቀል የለበትም። ሁለቱ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ቢቻል ከዚያ በላይ፣ ጎን ለጎን ይለኩ፤ የሚለኩትም ሰዎች ድካማቸውን የሚመጥን ክፍያ ያግኙ።