ዝም ያለው ሣጥን፤ በቤት የሚገጣጠም ኮምፒዩተር የብልሽት ፍለጋ ታሪክ

አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያ ጊዜ ኃይል ሲሰጠው ዝም ቢል፣ ችግሩ ከአሮጌ መሣሪያ ብልሽት የከበደ ነው። አሮጌው ቢያንስ ቀድሞ ይሠራ እንደ ነበር ይታወቃል። አዲሱ ግን ሠርቶ ስለማያውቅ፣ ጉድለቱ ከዕቃው ይሁን ከገጣጣሚው እጅ የሚመሰክር ነገር የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው ሁሉ፣ የዚህ ሙያ ታሪክ በአመዛኙ ዝም ያለውን ሣጥን በሽታውን እንዲናገር የማድረግ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1975 ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አልቴር 8800 የተሰኘውን ማሽን በሽፋኑ ላይ አውጥቶ አስተዋወቀ። የሠራው በኤድ ሮበርትስ የሚመራውና በኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከተማ የነበረው ሚትስ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ነው። ያልተገጣጠመው ዕቃ ዋጋ በመጽሔቱ ላይ 397 ዶላር ተብሎ ወጣ። ለገዢው የሚደርሰው ግን ኮምፒዩተር ሳይሆን ቺፖች፣ ሬዚስተሮች፣ ሽቦዎችና ባዶ ካርዶች ነበሩ። የእያንዳንዱን ዕቃ እግር በሊድ መበየድ የባለቤቱ ፋንታ ነበር። ከብዙዎቹ ብየዳዎች አንዱ በደንብ ሳይዝ ቢቀር፣ ወይም አንዲት የሊድ ጠብታ ሁለት መስመሮችን ብታገናኝ፣ የብዙ ሌሊት ድካም መና ይቀራል።

የሙያው የመጀመሪያ ሥርዓት የተማረው ከዚህ ችግር ነው። የማሽኑ አንጎል የሆነው ኢንቴል 8080 ቺፕ ሦስት ዓይነት ቮልቴጅ፣ ማለትም +5፣ -5 እና +12 ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ገጣጣሚ ውድ የሆነውን ቺፕ ከመሰካቱ በፊት ሦስቱንም በመልቲሜትር ይለካል። ከኃይሉ ቀጥሎ የጊዜ ምቱን፣ ከዚያ ሜሞሪውን፣ በመጨረሻም የቀረውን ይመረምራል። ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አልተደረገም፤ ኃይሉ ካልተስተካከለ ምቱን መመርመር፣ ምቱ ከሌለም ሜሞሪውን መጠርጠር ከንቱ ልፋት ነውና።

አልቴር ሲሸጥ የቁልፍ ሰሌዳም ስክሪንም አልነበረውም። ከሰው ጋር የሚነጋገረው ፊቱ ላይ በተደረደሩ ማብሪያዎችና ትንንሽ ቀያይ መብራቶች ብቻ ነበር። ይህ ድህነቱ ለመርማሪው ሀብት ሆነለት። መርማሪው በ16ቱ የአድራሻ ማብሪያዎች አንድ የሜሞሪ ቦታ ይመርጣል፤ 01010101 የሚለውን ያስገባና መልሶ ያነበዋል፤ ቀጥሎም 10101010 ያስገባል። ከ8ቱ የዳታ መብራቶች አንዱ በሁለቱም ጊዜ ሳይለወጥ ከቀረ፣ ጉድለቱ በዚያው መስመር ላይ እንዳለ ይረዳል።

ብቻውን የሚደክም ሰው ግን አንዱን ስሕተት ደጋግሞ ይሠራል። እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1975 በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ በጎርደን ፍሬንች ጋራዥ የተጀመረው ሆምብሩ የተባለው የኮምፒዩተር ክበብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ታየ። ከአባላቱ አንዱ የነበረው ስቲቭ ዶምፒየር፣ በአልቴሩ አጠገብ የተቀመጠ ሬድዮ ማሽኑ በሠራ ቁጥር እንደሚጮህ ተገነዘበ፤ በዚያው ዓመትም በክበቡ ስብሰባ ላይ በዚህ ድምፅ ዜማ አሰማ። ጩኸቱ ማሽኑ በሚፈጽመው ትእዛዝ መሠረት ስለሚለዋወጥ፣ ስክሪን ለሌለው ሰው ማሽኑ በሕይወት መኖሩን የሚያበሥር ምልክት ጭምር ነበር።

ይሁን እንጂ ሁሉም ጉድለት ከገጣጣሚው እጅ የመነጨ አልነበረም። አልቴር ሲሸጥ የነበረው ሜሞሪ 256 ባይት ብቻ ስለ ነበር፣ ኩባንያው የ4 ኪሎባይት ተጨማሪ ካርድ አቀረበ። ካርዱ የተሠራበት ሜሞሪ የያዘውን እንዳይረሳ ዘወትር መታደስ የሚያስፈልገው ዓይነት ሲሆን፣ ብዙዎቹ ካርዶች በትክክል አልሠሩም። ቦብ ማርሽና ጋሪ ኢንግራም በ1975 ፕሮሰሰር ቴክኖሎጂ የተባለውን ኩባንያ አቋቁመው መታደስ የማያሻው ካርድ ለገበያ አቀረቡ። ሚትስ ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የራሱን ካርድ ለሚገዛ በርካሽ፣ ለማይገዛ ግን በውድ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ብዙ ሰዎች ካርዱን ትተው ቋንቋውን ያለ ክፍያ መቅዳት ያዙ። ቢል ጌትስ በፌብሩዋሪ 1976 ለኮምፒዩተር አፍቃሪዎች የጻፈው የወቀሳ ደብዳቤ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። የአንድ ካርድ ጉድለት ስለ ፕሮግራም ባለቤትነት ለተነሣው ክርክር አንድ መነሻ ሆነ ማለት ይቻላል።

በኦገስት 1981 አይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ፣ ምርመራው በከፊል ከሰው ወደ ማሽኑ ተላለፈ። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ራሱን ይፈትሻል፤ ደኅና ከሆነ አንድ አጭር ድምፅ ያሰማል፤ ካልሆነም ለሜሞሪ 201፣ ለቁልፍ ሰሌዳ 301 የሚሉትን የመሳሰሉ ቁጥሮች በስክሪኑ ላይ ያሳያል። ዛሬ በቤት ኮምፒዩተር የሚገጥም ሰው ብየዳ አያሻውም፤ በብዙ ዋና ቦርዶች ላይም ጉድለቱ ከፕሮሰሰሩ፣ ከሜሞሪው ወይም ከምስል ካርዱ መሆኑን የሚጠቁሙ መብራቶች አሉ።

ነገር ግን ራስን መፈተሽ የራሱ ወሰን አለው። ማሽኑ ስለ ሕመሙ የሚናገረው ኃይሉ፣ ፕሮሰሰሩና መነሻ ፕሮግራሙ ደኅና ሲሆኑ ነው። እነዚህ ከታመሙ ሣጥኑ እንደ አልቴር ዘመን ዝም ይላል። በአንጻሩ ዝምታ ሁሉ ብልሽት አይደለም፤ ዲ.ዲ.አር.5 የተባለው ሜሞሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ራሱን እስኪያስተካክል ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨለማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ትዕግሥት ያጣ ሰው ይህን እንደ ሞት ቆጥሮ ደኅናውን ዕቃ ይነቅላል።

ስለሆነም የ1975ቱ ሥርዓት አላረጀም። ኃይሉን አስቀድሞ ማረጋገጥ፤ ፕሮሰሰሩንና አንድ ሜሞሪ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ማውጣት፤ ከዚያም አንድ በአንድ እየመለሱ መሞከር፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አለመለወጥ። ሁለት ነገር ለውጦ ማሽኑን ያስነሣ ሰው ማሽኑ ተነሥቶለታል፤ በሽታው ምን እንደ ነበረ ግን አላወቀም። በሚቀጥለው ሣጥን ፊት ሲቆምም ከጀማሪ አይሻልም።